አንድ ጊዜ ሲጠሩሽ

ዘንድሮ የቅዳሜ ስዑር ዕለት ጠዋት አንድ ዲያቆን ደሴ ካለው ቤቴ ደጃፍ ቆሞ ቄጠማ ሰጠኝ። በየዓመቱ የምቀበለው፣ ቀንጠስ አድርጌ ራሴ ላይ የማስረው ቄጠማ ነው። የዘንድሮው ግን ሳይታጠብ ነው የመጣው። ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ተጣብቆበት ነበር። ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁትና የበሩን መቃን ተደገፍሁ። የበሰበሰ ቅጠል፣ የዛገ ማረሻ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ውኃ ይሸታል። ዲያቆኑ «እትዬ፣ ምነው ደህና አይደሉም?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ጾሙ ነው» ብዬ ሸኘሁትና እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብሁ። ሽታው አልለቀቀኝም።

ያንን ጭቃ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እስከ ብብቴ ድረስ ውስጡ ቆሜያለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። አገራችን ከመካነ ሰላም ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ደጋ ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በሁለት ተራራ መካከል፣ አንድ ሰፊ ረግረግ ተኝቷል። ስም የለውም። ሰው ሁሉ ጨፌው ነው የሚለው። በጋ በጋ ዳር ዳሩ ይደርቅና ከብት ይገባበታል፤ መሀሉ ግን መቼም አይደርቅም። ከላይ ሲያዩት ለምለም ሣር ነው፤ ሲረግጡት እንደ ቦካ ሊጥ ይንቀጠቀጣል።

ክረምት ሲገባ ከመሀሉ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ሁውው… ሁውው…» የሚል፣ ሰው በጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ ያለ ድምፅ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። የሚጮኸውን ያየ የለም። እናቴ ድምፁ ሲጀምር በሩን ገርበብ ታደርግና ታማትባለች። እኛ ልጆቹ ግን ማን እንደሆነች እናውቅ ነበር። ሰብለ ናት።

ሰብለ የአያ መኩሪያ ልጅ ነበረች። እኔ ገና አራት ዓመቴ ሳለ፣ በስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለማግሥቱ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ቄጠማ ልታጭድ ወደ ጨፌው ወረደች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የላኳት አባቴ ናቸው፤ በየዓመቱ አንዱን ልጅ ይልኩ ነበር። ማጭዷና አጥፋ ያስቀመጠችው ነጠላ ዳር ላይ ተገኙ። አንድ እቅፍ የታጨደ ቄጠማም አጠገቡ ነበር። እሷ አልተገኘችም። አገር በሙሉ ወጥቶ ሦስት ቀን በዘንግ ፈለገ። ከዚያ ሰዉ ወደየቤቱ ተመለሰ። አያ መኩሪያ አልተመለሱም።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የእርሻ ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ረጅም የወይራ ዘንጋቸውን ይዘው ጨፌውን ይዞሩታል። ጭቃውን እየወጉ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ «ሰብለ!» ብለው አንድ ጊዜ ይጠራሉ። ከዚያ ያዳምጣሉ። አቡነ ዘበሰማያት እኩሌታው እስኪደርስ ድረስ ያዳምጣሉ። መልስ የለም። ደግሞ ይራመዳሉ። በዚህ የተነሣ ጨፌው መሀል ድረስ የሚያስገባውን መንገድ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አባቴ በየዓመቱ ቤታቸው ይሄዱና «መኩሪያ፣ ለልጅቱ ፍትሐት እናድርግላት» ይሏቸዋል። «ያልሞተች ልጅ አላስፈታም» ይሏቸዋል እሳቸው። እኔ ነገሩን በሌላ መንገድ ነበር የተረዳሁት። ፍትሐት ማለት መፍታት ነው ብዬ፣ ሰብለ እዚያ ሥር እግሯ በቄጠማ ታስሮ እንደቆመች፣ አባቴ የሚፈታትን ጸሎት እያወቁ አያ መኩሪያ እንቢ እንዳሉ አድርጌ አስብ ነበር። አባት ልጁ እንዳትፈታ ለምን ይከለክላል? አልገባኝም። እና እፈራቸው ነበር።

ደግሞ የደስታ ሕግ አለ። ደስታ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

«ጨፌው አጠገብ ስምሽን ሲጠሩሽ ቶሎ ብለሽ አቤት እንዳትይ» አለችኝ። «ጨፌው የሚጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል። በአንዱ አቤት ካልሽ ወሰደሽ፣ አለቀ።»

«ሰብለም አቤት ብላ ነው?»

«ታዲያስ! ምን መስሎሽ ነው?»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ስትጠራኝ እንኳ ሦስት ጊዜ እስክትሞላ ዝም እል ነበር። በዚያ ዓመት ስንት ኩርኩም እንደቀመስሁ።

በሰኔ መጀመሪያ ሳምሶን የሚባል የወፍ ባለሙያ እህል በሚጭን አይሱዙ ተሳፍሮ መጣ። ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንጠልጥሏል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰዉን ከዋርካው ሥር ሰበሰበ። ሳምሶን እንዳለው፣ በዓለም ላይ ከጥቂት ቦታ በቀር የማትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ ጨፌው ውስጥ ሳትኖር አትቀርም። እሷን ለማየት ከባሕር ማዶ እንግዶች ሊመጡ ነው። እንግዶቹን ውስጥ ለውስጥ የሚመራ የአገር ሰው ይፈለጋል።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያ መኩሪያን አየ። እንቢ እንደሚሉ ያልጠረጠረ አልነበረም። እሳቸው ግን ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና «የሚያይ ዓይን ይብዛ። መርሐባ፣ እመራለሁ» አሉ።

እንግዶቹ ሳይመጡ በፊት መንገዱ በሰው መሞከር ነበረበት። ሳምሶን ትምህርት ቤታችን መጣና አራት ልጆች መረጠ፤ እኔን፣ ደስታን፣ ከስድስተኛ ክፍል ደግሞ ሙሉጌታንና ካሴን።

«ቅዳሜ ቱሪስቶቹ እናንተ ናችሁ» አለን።

«ጋሼ፣ ቱሪስት ምን ያደርጋል?» አለች ደስታ።

«ቀስ ብሎ ይራመዳል። አይጮህም። ያያል።»

ይህን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝሁት። ቱሪስት ማለት የማይጮህ ሰው ነው።

እናቴ «ሞቼ ነው ልጄ እዚያ የምትገባው!» አለች። አባቴ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አያ መኩሪያን ከመንገድ ጠርተው ትከሻዬን ይዘው ፊታቸው አቆሙኝና «አደራ» አሉ። አያ መኩሪያ ትክ ብለው አዩኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«አብሽሩ፣ ቄሱ። እኔ የረገጥሁትን ትርገጥ እንጂ ምንም አትሆንም።»

ቅዳሜ ማለዳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደስታ ቱሪስት ባርኔጣ ያደርጋል ብላ የወንድሟን ባርኔጣ አጥልቃ መጣች፤ ዓይኗን እስኪሸፍን ይወርድባታል። አያ መኩሪያ ዳር ላይ አሰለፉን።

«መንገዱ አለ፤ ግን አይታይም» አሉ። «ጉብታ ጉብታውን ነው። እኔ ከረገጥሁበት ሌላ መርገጥ የለም።»

ከዚያ ስማችንን ጠይቀው ጠሩን፤ እያንዳንዳችንን አንድ ጊዜ። «ሙሉጌታ!» «አቤት!» «ካሴ!» «አቤት!» «ደስታ!» ደስታ ከባርኔጣው ሥር ገልመጥ አድርጋ አየችኝ። ፊት ለፊታችን ቆመው ስለሆነ ምንም አይደለም ብላ መሰለኝ «አቤት» አለች። «ትርንጎ!» «አቤት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጨፌው አዞሩ።

«ሰብለ!»

ለሳምሶን ታሪኩን የነገረው ሰው አልነበረም፤ አምስተኛዋን ልጅ ፍለጋ ወደኋላው ዞረ። አያ መኩሪያ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩ። ቄጠማው በነፋስ ዘመም አለና ተመለሰ። «እንሂድ» አሉ።

ውስጡ ከዳር እንደሚታየው አይደለም። ቄጠማው ከራሴ በላይ ነው። ድምፅ ይውጣል። ሦስት እርምጃ ከፊቴ ያለችው የደስታ እግር ከጭቃው ሲነቀል የሚያሰማው «ጭፍ» ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ከጉብታ ወደ ጉብታ ስንሻገር ከሥራችን አረፋ እየወጣ ይፈነዳል፤ ከአረፋው ያ ሽታ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ከውኃው ብቅ ያሉ ሁለት ቀንዶች አየን። ቆሞ የሰመጠ በሬ ነው። አያ መኩሪያ በዘንጋቸው ቀንዱን ነካ አድርገው «ይኼ የደምሴ በሬ ነው። ከሰመጠ ዘጠኝ ዓመቱ» አሉና አለፉ።

ሳምሶን እየቆመ ያሳየናል። ጫጩቶቿን ያስከተለች ዝይ አየን። ጭቃው ላይ የአነር ዱካ አየን፤ አነር ድመት የሚመስል የዱር አውሬ ነው፤ እንቁራሪት ሊያድን ይገባል አለን። ሌሎቹ ዱካውን ሲከቡ እኔ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሌላ ዱካ አየሁ። የጫማ ነው። ትንሽ፣ የልጅ፣ ወደ መሀል የሚሄድ። ደስታን በቀሚሷ ጎተትኋትና አሳየኋት። አንዴ ዱካውን፣ አንዴ እግሬን አየች።

«ያንቺ ነው» አለችኝ። «ቅድም በዚህ አልፈን ነበር። ዞረን ነው የመጣነው።»

የኮንጎ ጫማዬን አስጠግቼ ለካሁት። ልክ ነው። ግን አልተጽናናሁም። የራሴ እግር ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይታይም ነበር።

አያ መኩሪያ ሦስት ቦታ ላይ ቆመው ስማችንን ጠሩ፤ ሦስት ጊዜም ሰብለን ከእኛ ጋር ጠሩ። በሦስተኛው ያ ዝምታ አላስችል አለኝ። ሽማግሌ ሰው ጠርቶ መልስ ሲያጣ ማየት ያሳፍራል፤ ቤታችን ቢሆን አባቴ ዝም ያለውን ልጅ ይቆጡ ነበር። «አቤት» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ በጥርሴ ያዝኋት።

መሀሉ ላይ አንድ ደረቅ ጉብታ አለ። እዚያ ተጠጋግተን ቆምን። ሳምሶን ከቦርሳው ሳሙና የምታክል ጥቁር ሣጥን አወጣና «አሁን ጸጥ» አለ። ሲጫናት ከውስጧ «ሁውው… ሁውው…» የሚል ድምፅ ወጣ።

የእኛው ድምፅ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር በር የሚያስዘጋን ድምፅ። ካሴ ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ደግሞ ሳምሶን ሰብለን ይዞ እዚያች ሣጥን ውስጥ ከቷታል፤ ጣቱን ሲጫናት አሟት ነው የምትጮኸው ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ከቄጠማው ውስጥ፣ አሥር እርምጃ ከማይሞላ ቦታ፣ መልስ መጣ። «ሁውው…»

የሳምሶን ፊት በራ። «አለች!» አለ በሹክሹክታ። «ሰማችሁ? መለሰች!»

አያ መኩሪያ ቀለማቸው ጠፋ። «አጥፋው።»

«አያ መኩሪያ፣ ወፍ ናት እኮ። ከጭብጥ አትበልጥም። ባልንጀራዋ የጠራት መስሏት ነው።»

«አይተሃታል?»

«እዚህ… ገና አላየኋትም። ግን ድምፁ የሷ ነው።»

«ሰባት ክረምት ይኼን ድምፅ ተከትያለሁ» አሉ። «አንድ ቀን ክንፍ አላየሁም። አጥፋው፣ ልጄ።»

አጠፋው። ቄጠማው ውስጥ ያለው ድምፅ ግን አላቆመም።

ጉሙ የመጣው ያኔ ነው። በእኛ አገር ጉም ከሰማይ አይወርድም፤ ከዓባይ በረሃ በኩል ከገደል ሥር ተነሥቶ ይመጣል። መጀመሪያ ተራራው ጠፋ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት። ቀጥሎ ከፊት የቆመው ሙሉጌታ። አያ መኩሪያ «ተያያዙ፣ እንመለስ» አሉ። ሳምሶን የሚያለቅሰውን ካሴን እየደገፈ ከሳቸው ኋላ ሆነ። ሙሉጌታ ተከተለ፣ ደስታ ተከተለች፤ እኔ የደስታን ቀሚስ ጫፍ ይዤ መጨረሻ ሆንሁ።

ጥቂት እንደሄድን የግራ እግሬ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። የገና ጫማዬ ነው፤ ያለሱ ቤት ብገባ እናቴ ምን ትለኛለች? «ደስታ፣ ቆይ» አልሁ በሹክሹክታ። ቱሪስት አይጮህም። ቀሚሷን ለቅቄ ጎንበስ አልሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ጫማዬን ነቀልሁ፣ ቀና ስል ቀሚስ የለም። ነጭ ብቻ ነው።

«ጭፍ» የሚል ድምፅ ከቀኝ የሰማሁ መሰለኝና ወደ ቀኝ ተራመድሁ። አንድ ጉብታ ረገጥሁ፤ ያዘኝ። ሁለተኛውን ረገጥሁ፤ ሣር ብቻ ነበር።

ስወድቅ አልተሰማኝም፤ መሬቱ ዝም ብሎ ዋጠኝ። እስከ ጭኔ፣ ከዚያ እስከ ወገቤ። ለመውጣት ስታገል ወደ ታች ይስበኛል፤ ዝም ስል ይቆማል። ከላይ ያለው ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ከታች እግሬን የያዘው ግን ለብ ያለ ነበር፤ የሰው እጅ ይመስላል። ቄጠማ በሁለት እጄ ያዝሁና ቆምሁ። አልጮህሁም። ብጮህ የሚሰማኝ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከበስተግራዬ «ሁውው…» አለ። ደግሞ ቀረብ ብሎ።

ከዚያ ስሜ ተጠራ።

«ትርንጎ!»

አንድ ጊዜ። ጠበቅሁ። ሁለተኛ የለም። ዝምታው ረጅም ነበር፤ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጠኝ ያስታውቃል። ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁ።

ብዙ ቆይቶ ከሌላ በኩል «ትርንጎ!» አለ። አሁንም አንድ ጊዜ። ድምፁ የአያ መኩሪያን ይመስላል፤ ግን ጨፌው የሰው ድምፅ መምሰል አያቅተውም፤ ደስታ ነግራኛለች። አልመለስሁም። ጭቃው ሆዴ ላይ ደረሰ። እጄ ደነዘዘ።

በኋላ ደስታ እንደነገረችኝ፣ ዳር ሲደርሱ የያዝኋት መስሏት ዘወር ብትል የለሁም። አያ መኩሪያ ሳምሶንንና ልጆቹን እዚያው አቁመው «ማንም ድምፅ እንዳያሰማ፣ ልስማ» ብለው ብቻቸውን ተመለሱ። የሚያውቁት ደግሞ አንድ ዓይነት አጠራር ነው። አንድ ጊዜ ይጠራሉ፣ ያዳምጣሉ። ሰባት ዓመት እንዲያ ነው የጠሩት።

ጭቃው ብብቴ ላይ ሲደርስ ማልቀሱንም ተውሁት። የደረቴ ሙቀት እየወጣ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር። እንቅልፍ መጣብኝ። በዚያ መሀል፣ በጣም ቅርብ፣ ያ ድምፅ ተሰማ።

«ሰብለ!»

የኔን ስም ሲጠሩ ቆይተው ሳያስቡት ከአፋቸው ያመለጠ ይመስለኛል። እኔ ግን ይህን አላወቅሁም። ያወቅሁት የተጠራው ስም የኔ እንዳልሆነ ብቻ ነው። የኔ ካልሆነ አይወስደኝም። ከዚያም ያ ዝምታ መጣ፤ ቅድም ሦስት ጊዜ ያስጨነቀኝ ዝምታ። አልቻልሁም።

«አቤት!» አልሁ።

ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው፤ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። ቄጠማው ውስጥ ይጮህ የነበረው ጸጥ አለ። ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው መንገዱን ሳይለይ፣ በዘንግ ሳይወጋ፣ ውኃውን እየሰነጠቀ መጣ። ቄጠማው ተከፈለ። አያ መኩሪያ እስከ ጭናቸው ጭቃ ሆነው ቆሙ። ፊታቸውን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። አፋቸው ሊስቅ የጀመረ ይመስል ነበር።

«ማነሽ?» አሉ።

ጉሙ ሳሳ አለና አዩኝ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ወዲያው በሆዳቸው ተኙ፣ ዘንጋቸውን በጉብታዎቹ ላይ አጋደሙት፣ ጋቢያቸውን አሹረው ወረወሩልኝ። «በብብትሽ አዙሪው። አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። አብሽሪ» እያሉ ጎተቱኝ። ጭቃው ሲለቀኝ ትልቅ ከብት ከንፈሩን እንደሚያስጮህ ጮኸ።

አዝለውኝ ተመለሱ። ዳሩ ሲቃረብ ቆም አሉ።

«ቅድም ስጠራ» አሉ ሳይዞሩ፣ «አቤት ያለ ሰው ሰምተሻል?»

በሰው ስም አቤት ማለቴን ካወቁ ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ። ጨፌውም ገና በሁለት በኩል ነበር፤ ይሰማናል።

«አልሰማሁም» አልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አያ መኩሪያ ቤታችን መጡ። አልተቀመጡም። «ቄሱ፣ ልጄ አቤት አለችኝ» አሏቸው ለአባቴ። «የእርስዎ ልጅ ያለችበትን አሳየችኝ። የሰባት ዓመት ጥሪዬን መለሰች። እንግዲህ ፍቱልኝ።» አባቴ አቅፈዋቸው ሁለቱም አለቀሱ። ፍልሰታ ሳይገባ ባለው እሁድ ፍትሐቱና ተዝካሩ እንዲሆን ተቀጠረ።

ወሬው አገሩን አዳረሰ። ሴቶቹ ጸበል ሊጠጡ ሲመጡ ጉንጬን እየነኩ «ሰብለ ያወጣቻት ልጅ» ይሉኛል። ሳምሶን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰንብቶ ሄደ፤ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ የተባሉት እንግዶችም በዚያ ክረምት አልመጡም፤ ያቺን ወፍ እስካሁን አይቻለሁ የሚል ሰው እዚያ አገር አልሰማሁም። እኔ እህል አልበላ አለኝ። ጌሾ ሲወቀጥ፣ ጤፍ ሲበጠር፣ ድንኳን ሲፈለግ አያለሁ፤ ሁሉም በአንዲት ቃሌ ነው። አንድ ነገርም ገብቶኝ ነበር፤ ሰብለ ካልመለሰች ገና እንደታሰረች ናት፤ አባቴ ደግሞ የመለሰች መስሏቸው ሊጸልዩ ነው።

ከፍትሐቱ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ ከደጅ ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያኑን ጥላ የተቀደደ ጠርዝ ይሰፉ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። መርፌው ጨርቁ ላይ ቆመ።

«አቤት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ይገርፉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጥላውን አጥፈው አስቀመጡ።

«ያቺን ልጅ ቄጠማ የላክኋት እኔ ነኝ» አሉ። «በእሷ ላይ ሌላ በደል አልጨምርም። ተነሺ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«ፍትሐቱስ?»

«እሳቸው ያውቃሉ። ተነሺ።»

አብረውኝ ወጡ፤ ከአያ መኩሪያ አጥር በር ላይ ግን ቆሙና ብቻዬን አስገቡኝ። አያ መኩሪያ ግቢያቸው ውስጥ ቃጫ ዘርግተው ለተዝካሩ በሬ የሚሆን ገመድ እየገመዱ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ተናገርሁ። ጫማዬን፣ የደስታን ሕግ፣ አንድ ጊዜ መጠራቴን፣ አቤት ማለቴን፣ አልሰማሁም ማለቴን። እጃቸው መግመዱን ቀጠለ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ቆመ። ያቺ በጉም ውስጥ ያየኋት ፊት ትመጣለች ብዬ ፈራሁ። አልመጣችም። በጣም ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ።

«ጭቃው ውስጥ ሆነሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ገመዱን እያዩ፣ «ስጠራ ድምፄ እንዴት ነው የሚሰማው?»

አልገባኝም። ቀና ብለው አዩኝ። መልሱን ለማግኘት ሰባት ዓመት እንደጠበቁ ዓይናቸው ላይ ነበር።

«ይሰማል» አልሁ። «አጠገቤ የቆሙ ነበር የሚመስለኝ።»

«ጉም እያለም?»

«ጉም እያለም።»

«ሰብለ ያልሁትስ? ቃሉ ይለያል? ወይስ እንዲያው ጩኸት ነው?»

«ይለያል፣ አያ። ሰብለ ነው ያሉት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሞ ነቀነቁ።

«እንግዲያ ሰምታኛለች» አሉ። «መመለስ ነው ያቃታት። እኔ እኮ አባቴ አልመጣልኝም ብላ የሄደች መስሎኝ ነበር።»

እንባቸው ቃጫው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ትንሽ ቆይተው ወደ አጥሩ በር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቄሱ!»

«አቤት» አሉ አባቴ ከውጭ።

«እሁድ ነው ያልነው?»

«እሁድ ነው፣ መኩሪያ።»

«ይሁን። ይግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆምዎታል?»

አባቴ ገብተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አያ መኩሪያ የገመዱን ጫፍ ሰጡኝና «ጠበቅ አድርገሽ ያዥልኝ» አሉ። እሳቸው በዚያኛው ጫፍ ሲያከሩት ጉልበቱ እስከ ትከሻዬ ይመጣል። ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ ያዝሁ። ገመዱ እስኪያልቅ አልለቀቅሁትም።